«አላው» በለው፣ ምንም አይደለም

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የጫነ ሰው የመጀመሪያውን መመሪያ በቃሉ ያውቀዋል። ከፕሮግራሙ ጎን አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል አለች፤ ሲከፍቷት ቁጥር አንድ ላይ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ትላለች። እኔ ይህችን ትእዛዝ በሰው ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ስፈጽም የኖርኩ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የሠራሁባትን ሱቅ ስሟን አልጠራም፤ ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሕንፃ ሥር እሷን የምትመስል አለች። ፎርማት ማድረግ፣ ዊንዶውስ መጫን፣ ኦፊስ መጫን፣ በመጨረሻም አንቲቫይረስ መጫን፤ ሁሉም በአንድ ሒሳብ። አጥፍተን የሚጫነውን ከጫንን በኋላ አንቲቫይረሱን መልሰን እናበራዋለን፤ ደንበኛውም ኮምፒውተሩ የተጠበቀ መስሎት ከፍሎ ይሄዳል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ በብዛት የተጠየቅሁት «የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» የሚለውን ነው። መልስ አጥቼ አላውቅም። መልሴን የሚወስነው ግን የፕሮግራሙ ብቃት ሳይሆን በዚያ ሰሞን የሚሠራ የፈቃድ ቁልፍ እጄ ላይ ያለው ለየትኛው ነው የሚለው ነበር። ለአንዱ ቁልፍ ከተገኘ እሱ አንደኛ ነው፤ ኩባንያው ቁልፉን ሲያግደው አንደኛነቱ ወደ ሌላው ይዞራል። ይህን ለደንበኛ ስናገር ድምፄ ላይ ጥርጣሬ አይሰማም። ሰው የሚከፍለኝ ለእርግጠኛነቴም ጭምር ይመስለኝ ነበር።

ለነገሩ አንቲቫይረስ ያኔ የተከበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ ቫይረስ የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፎቶኮፒ ቤት ይሄዳል፤ ፍላሹን ሰክቶ ሲነቅል የቀኑን ደንበኞች ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ፎልደሮቹ ይደበቁና በቦታቸው ሾርትከት ይተካል፤ ወይም «ኒው ፎልደር» የሚል፣ ፎልደር የሚመስል ግን ፎልደር ያልሆነ ፋይል ብቅ ይላል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ፍላሽ ሲሰካ «አውቶራን» የምትባለዋን ፋይል አንብቦ የታዘዘውን ለማስጀመር ዝግጁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት በ2011 መጀመሪያ ላይ ለቆዩት ዊንዶውሶች ይህን የሚያስቀር ማስተካከያ ለቀቀ። ማስተካከያው እኛ ዘንድ ብዙ ኮምፒውተር ላይ አልደረሰም፤ አፕዴቱን የምናጠፋው ራሳችን ነበርንና። ዊንዶውሱ ክራክ ነው፤ አፕዴት ከተደረገ «ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ደንበኛው ተናዶ ይመለሳል። ስለዚህ ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት አጥፍተን፣ በቀዳዳው ሾልኮ የገባውን ይይዝልናል ብለን አንቲቫይረስ እንጭናለን። ይህን አሠራር ማንም ግራ ሲጋባበት አላየሁም፤ እኔም አልተጋባሁም።

ከዚህ ሁሉ ዛሬም የሚከነክነኝ የአማርኛ መጻፊያው ጉዳይ ነው። በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶኮፒ ቤቱ ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞሩ፣ ማን እንደነካካቸው የማይታወቅ ቅጂዎች ነበሩ። አንቲቫይረሱ ደጋግሞ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዴ ሳይጠይቅ ያጠፋቸዋል። ደንበኛው በማግስቱ ይደውላል፦ «አማርኛዬ ጠፋ!»

ያኔ የምናማርረው «ፈረንጅ የሠራው ነገር አማርኛ አይወድም» እያልን ነበር። ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። የአማርኛ መጻፊያ ሥራው በቁልፍ ሰሌዳውና በጽሑፉ መካከል ገብቶ ጣት የነካውን ሁሉ መቀበል፣ የላቲኑን ፊደል አስቀርቶ የእኛን ማውጣት ነው። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሰላይ ፕሮግራምም የሚገባው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ የሚለየው የተቀበለውን አጠራቅሞ ለባለቤቱ መላኩ ነው። አንቲቫይረስ በፊት ከሚታወቁ ቫይረሶች ዝርዝር ጋር ከማመሳከር ባሻገር እንዲህ ያለውን ጠባይ ይከታተላል። በዚያ ላይ ስለ አንድ ፋይል ከሚጠይቀው አንዱ «ይህ ነገር በዓለም ላይ ስንት ኮምፒውተር ላይ አለ?» የሚለው ነው። ሚሊዮኖች ጋ ያለ፣ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ያለበት ፋይል ይታለፋል፤ ጥቂቶች ጋ ብቻ ያለ፣ ፊርማ የሌለው ፋይል ይጠረጠራል። በኮምፒውተር ብዙ ባልተጻፈበት ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ ደግሞ ምንጊዜም ከጥቂቶቹ ወገን ነው። ማሽኑ በራሱ ሒሳብ ልክ ነበር፤ እኛም ፕሮግራሙ ያስፈልገን ነበር።

እናም ለሚደውል ሁሉ አንድ መልስ ነበረችኝ፦ «አላው በለው፣ ምንም አይደለም።» እውነትም ብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ችግሩ ይኸው ነው። ተሳስቼ ቢሆን ሰዎቹ ቶሎ ያቆሙ ነበር። ደጋግሜ ልክ በመሆኔ የአንቲቫይረሱ ቀይ መስኮት ብቅ ሲል ሳያነቡ «አላው» (ፍቀድ) የሚለውን የሚጫኑ ደንበኞች አፈራሁ። ማስጠንቀቂያውን ሥራ የሚያስፈታ ነገር እንጂ የሚነበብ ነገር አድርገው እንዳያዩት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ለዚያውም አስከፍዬ።

ከእነሱ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። የትውልድ አካባቢያቸውን ታሪክ ይጽፉ ነበር፤ ሽማግሌዎችን በድምፅ መቅጃ እያነጋገሩ፣ የቆዩ ፎቶግራፎችን ስካን እያስደረጉ፣ ሁሉንም አንድ ላፕቶፕ ላይ አከማችተዋል። በየጊዜው እየመጡ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ቀዘቀዘብኝ፣ እስቲ እየው» ይሉኛል፤ እኔም አይቼ፣ ጠራርጌ እመልስላቸዋለሁ። ኮፒ አስቀምጠው እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሱቃችን ውስጥ ያንን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያስከፍል ሥራ አይደለምና።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ላፕቶፑን በፌስታል ይዘው መጡ። «ፋይሎቼ ሁሉ ስማቸው ተቀይሮ አልከፈት አሉኝ» አሉ። ስከፍተው እያንዳንዱ ሰነድ፣ ፎቶና ድምፅ ስሙ መጨረሻ ላይ አራት ትርጉም የለሽ ፊደላት ተቀጥለውበታል፤ በየፎልደሩም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ማስታወቂያ አለ። ፋይሎቹ ተቆልፈዋል፤ መክፈቻው 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚያነጋግር ግን 490። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ ትንሹ እንኳ ከ14 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ያውም በቢትኮይን፣ አንድ ጡረተኛ መቶ ዶላር በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ይቸገር በነበረበት አገር።

ነገሩ እንዴት እንደገባ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። የልጅ ልጃቸው ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር ፕሮግራም ከነክራኩ አውርዶላቸዋል። አንቲቫይረሱ ያዘው። «አስቆመኝ» አሉ ጋሼ፤ «እኔም አንተ እንዳሳየኸኝ አላው አልኩት። እምቢ ሲል ደግሞ አጠፋሁት፣ አንተም ስትጭን ታጠፋው የለ?» ወቀሳ አልነበረበትም። መምህሩ ትምህርቱን በትክክል መያዛቸውን ነበር የሚነግሩኝ።

ቫይረሱ ስቶፕ ወይም ዲጃቩ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ትልልቅ ኩባንያዎችን አሳድዶ ሚሊዮን የሚጠይቅ ዓይነት አይደለም። የቤት ተጠቃሚን ነው የሚያድነው፤ ዋና መግቢያውም ክራክና የቁልፍ ማመንጫ ፕሮግራም ነው። ምርጫው ብልህ ነው፤ ክራክ የሚያወርድ ሰው አንቲቫይረሱን ለማጥፋት አስቀድሞ የተስማማ ሰው ነዋ። ፋይሎቹን ሲቆልፍ ተጠቃሚው እንዳይጠረጥር የዊንዶውስ አፕዴት የሚመስል መስኮት ከፊት ያሳያል፤ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቶች ድረ ገጽ እንዳይከፈት መንገዱን ይዘጋል፤ አንዳንዴም የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም ጥሎ ይሄዳል። ጋሼ «ዊንዶውሱ አፕዴት እያደረገ ነበር፣ ስለዚህ ጠበቅሁት» ያሉኝ ያንን የሐሰት መስኮት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ስለ አንቲቫይረስ ሠሪዎች የነበረኝን አስተያየት በሁለት አቅጣጫ ነው የቀየረው። በመጀመሪያው አቅጣጫ፣ የረዳን ከእነሱ አንዱ ነው። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ ልክ በዚያ ወር፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2019፣ ለዚህ ቫይረስ 148 ዝርያዎች መፍቻ በነጻ አውጥቶ ነበር። የጋሼ ዝርያ ከአዲሶቹ ወገን ስለነበር ጉዳዩ በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ፦ ቫይረሱ ሲቆልፍ ኢንተርኔት ነበረ ወይስ አልነበረም? ከባለቤቶቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ከቻለ ለእያንዳንዱ ተጠቂ የተለየ ቁልፍ ያመጣል፤ ያ ቁልፍ በሌባው እጅ ብቻ ነው። ካልቻለ ግን ከራሱ ጋር ይዞት የመጣውን፣ ለብዙ ሰው አንድ የሆነውን ቁልፍ ይጠቀማል። እንዲህ ያለው ቁልፍ አንድ ቀን ከተገኘ ለሁሉም ይሠራል። ቫይረሱ ለተጠቂው የሚሰጠው መለያ ቁጥር መጨረሻ «ቲ1» ከሆነ ሁለተኛው ዓይነት ነው ማለት ነው።

ጋሼ ቤት ኢንተርኔት የሚገኘው የልጅ ልጁ ከስልኩ ሲያካፍል ነው። የማሽኑን መለያ ፋይል ስከፍት ሁለት ቁጥር አገኘሁ፤ አንዱ በ«ቲ1» ያልቃል፣ ሌላው አያልቅም። ልጁ ዳታውን አጥፍቶ ሲወጣ ቫይረሱ በያዘው ቁልፍ ሠርቷል፤ ዳታው ሲበራ ደግሞ በሌላው። ኢንተርኔት ማጣት የጠቀመን ያን ጊዜ ነው። በ«ቲ1» ቁልፍ የተቆለፉት ፋይሎች ከጥቂት ወራት በኋላ ቁልፉ ተገኝቶ ተፈቱ። ሌሎቹ እስከ ዛሬ እንደተቆለፉ ናቸው። እነሱንም በሐርድ ዲስክ ላይ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ድምፆቹ የተለየ ዕጣ ገጠማቸው። ይህ ቫይረስ ለፍጥነት ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ትንሽ የወርድ ሰነድ በዚህ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ረጅም የኤምፒ3 ቅጂ ግን ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቀሪው ይሰማል። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ቃል፣ ከየቅጂው መግቢያ ጥቂት ሰከንዶች በስተቀር፣ ተረፈ። ጋሼ ግን መምህር ናቸው፤ ቃለ መጠይቅ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያስመዘግቡት የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ነበር። ቁጭ ብለን እያዳመጥን «ይሄ እገሌ ነው፣ ይሄም እገሌ፣ ይሄን ግን እንጃ» እያሉ ስም አስጻፉኝ። ያላወቋቸው ነበሩ።

በሁለተኛው አቅጣጫ የሆነውን ልንገር። «እሺ፣ ከእንግዲህ የቱን ልመን?» አሉኝ። እኔም በነጻ ከሚታደሉት ታዋቂ አንቲቫይረሶች አንዱን፣ ያንን የተለመደ እርግጠኛ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው የአቫስት ወሬ የተሰማው።

አቫስት በፕራግ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፎካካሪውን ኤቪጂን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር የጠቀለለ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በነጻ የሚጠቀሙበት። አድብሎክ ፕላስ የተባለው የማስታወቂያ ማገጃ ፈጣሪ ቭላዲሚር ፓላንት በ2019 መጨረሻ አካባቢ የኩባንያው የብራውዘር ተቀጥላዎች ተጠቃሚው የከፈተውን እያንዳንዱን ገጽ ወደ ሰርቨር እንደሚልኩ አሳየ፤ ሞዚላም ከፋየርፎክስ መደብሩ አነሳቸው። ጃንዋሪ 2020 ላይ ማዘርቦርድና ፒሲማግ የተባሉት የቴክኖሎጂ ሚዲያዎች በጋራ ባወጡት ምርመራ መረጃው ጃምፕሾት በሚባል፣ በአቫስት ሥር በሆነ ኩባንያ በኩል እንደሚሸጥ ታወቀ። አቫስት በቀናት ውስጥ ጃምፕሾትን ዘጋው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ክስ እንደሚለው ሽያጩ ከ2014 እስከ 2020 የቆየ፣ ገዢዎቹም ከመቶ በላይ ነበሩ፤ ከአሰሳው የሰዎች እምነት፣ የጤና ጭንቀት፣ የፖለቲካ ዝንባሌ ይነበብ ነበር። ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና የአሰሳ መረጃን ለማስታወቂያ እንዳይሸጥ ተወሰነበት። የሰዎቹን ስም አስወግደን ነው የሸጥነው ቢልም፣ ኮሚሽኑ እያንዳንዱ ብራውዘር መለያ ስለነበረው ባለቤቱን ለማግኘት አይከብድም ብሏል። የሚያሳዝነው ደግሞ ተጠቃሚው ይህን ፕሮግራም የጫነው ሌሎች እንዳይከታተሉት ብሎ መሆኑ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ «ይሻላል» የሚለው ቃል አልዋጥልህ አለኝ። አንቲቫይረስን ማመን ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እንደ አንድ ነበር የምመልሰው። አንዱ፣ ቫይረስ ይይዛል ወይ ነው። ይህ የሚለካ ነገር ነው። የጀርመኑ ኤቪ-ቴስትና የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ በየጊዜው ታዋቂዎቹን እያፎካከሩ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከላይ ያሉት በጥቂት ልዩነት ነው የሚቀዳደሙት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢናቅም፣ ዛሬ ከእነዚያ ተርታ ነው። የጋሼን ቫይረስም አንቲቫይረሳቸው ይዞት ነበር። በዚህ በኩል የምከሰው ፕሮግራም የለኝም።

ሁለተኛው፣ ቤቱን ሁሉ ያየው ፕሮግራም ባየው ነገር ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ይህን የነጥብ ሰንጠረዥ አይነግርህም። አንቲቫይረስ ሥራውን ለመሥራት እያንዳንዱን ፋይል መክፈት፣ በከፍተኛው ሥልጣን መሮጥ አለበት፤ አንዳንዱ ብራውዘርህ ከባንክህ ጋር በተመሰጠረ መንገድ የሚለዋወጠውን እንኳ መሐል ገብቶ ያነባል። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ነገር ሲሳሳት ስሕተቱም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ በለቀቀው አንድ የተበላሸ አፕዴት የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን አስፈላጊ ፋይል እንደ ቫይረስ ቆጥሮ በማንሳቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተሮች ተነስተው መውደቅ ብቻ ሆነ ሥራቸው። ዲፌንደርንም አላስመልጥም፤ በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ገና አንድ ፋይል ሲፈትሽ ብቻ ማሽኑን አሳልፎ የሚያሰጥ ቀዳዳ አግኝተውበት ማይክሮሶፍት በጥድፊያ በቀናት ውስጥ ደፍኖታል። ኖርተን የተባለው አንቲቫይረስ ደግሞ በ2021 ተጠቃሚው ከፈቀደ በኮምፒውተሩ ኤቲሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት፣ ከተመረተውም 15 በመቶ ለኩባንያው የሚያስቀር ነገር ጨመረበት። ስለዚህኛው የምለው የለኝም፤ ሲያነቡት በቂ ነው።

የካስፐርስኪ ነገር ከዚህ ይለያል። ብቃቱን ብዙ ባለሙያ የሚመሰክርለት የሞስኮ ኩባንያ ነው፤ ለሩሲያ መንግሥት ይሠራል የሚለውን ክስ ኩባንያው ያስተባብላል። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ከመሥሪያ ቤቶቹ አስወጣው፤ በጁን 2024 ደግሞ በአገሩ ውስጥ ለማንኛውም ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ከሴፕቴምበር 29 በኋላ አፕዴት መላክም ተከለከለ። በዚያው ወር በአሜሪካ ያሉ ብዙ ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ ራሱን አጥፍቶ አልትራኤቪ የሚባል፣ ከዚያ በፊት ስሙን ያልሰሙት አንቲቫይረስ ተክቶ አገኙት።  ሥልጣኑን አንድ ጊዜ ከሰጠኸው፣ ማን እንደሚወርሰው አንተ አትመርጥም።

የእኛን አገር ሰው በቀጥታ የነካ አንድ ነገር ልጨምር። በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር እንደታደኑ አጋለጠ። የሚላክላቸው ኢሜይል ቪዲዮ ወዳለበት ገጽ ይወስዳል፤ ገጹም ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት አድርጉ ይላል። አፕዴቱ ሰላዩ ነው። እንዲህ ያለ የመንግሥት መሣሪያ የሚገዛው በታወቀ አንቲቫይረስ እንዳይያዝ ሆኖ ነው፤ ሆኖም የሚገባው በእኛው እሺታ፣ ባለቤቱ ራሱ ተጭኖ ነው። ይህን ዘገባ ሳነብ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ትዝ ያለኝ የጋሼ ጣት ነው።

ዛሬ ለብቻዬ ነው የምሠራው። «የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ቤት ውስጥ ላለ ኮምፒውተር ዲፌንደር ይበቃሃል እለዋለሁ፤ እላዩ ላይ ሌላ አንቲቫይረስ ከጫንክበት ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ዞር ይላል፣ አይደመሩም። ማይክሮሶፍትን ስለምወድ አይደለም። ዊንዶውስን ከተጠቀምክ ማይክሮሶፍት ሁሉን የሚያይበት ሥልጣን አስቀድሞ አለው፤ ሁለተኛ ሁሉን የሚያይ የምትጨምርበት ምክንያት ካልታየህ አትጨምር ነው የምለው። ከዚያ አፕዴቱን አብርተህ ተወው፤ የዕለት ሥራህን አስተዳዳሪ ባልሆነ አካውንት ሥራ፤ ሰነድህን ሐርድ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ሐርድ ዲስኩን ነቅለህ አስቀምጥ። እንደተሰካ የሚውል ኮፒ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ይህቺ የመጨረሻዋ ከሁሉም አንቲቫይረስ በላይ ለጋሼ ትጠቅማቸው ነበር፤ የሐርድ ዲስክ ዋጋ ግን ቀላል አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል።

ክራክ አልጭንም። ይህን ስል ደንበኛ እንደሚቀንስ አውቄ ነው፤ ቀንሷልም። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14፣ 2025 መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ በዝተዋል። ሊብሬኦፊስን በነጻ ጭኜ ሳሳያቸው «ኦፊስ አይደለማ!» የሚሉኝ አሉ፤ ጎረቤት ሱቅ ሄደው የፈለጉትን ከሻይ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አስጭነው በበራፌ ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም፤ ያንን ልማድ የዘረጋሁት እኔና የመሰሉኝ ነን።

አማርኛን በተመለከተ ቢያንስ ሰበብ የለንም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ አማርኛ መጻፍ ያውቃል፤ ኪማን የተባለው መጻፊያም በነጻ ይገኛል፣ የአምራቹም ፊርማ አለበት፣ አንቲቫይረሱ አይተናኮለውም። የከበደኝ የድሮው ሰነድ ነው። በቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ፣ ያለዚያ ፕሮግራም ቢከፈት የላቲን ምልክት ብቻ የሚታይበት የውል፣ የመጽሐፍና የማኅበር ሰነድ በየቤቱ ሞልቷል። ለእሱ አንድ አሮጌ ኤክስፒ ኮምፒውተር ለይቼ አስቀምጫለሁ። ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ ለእሱ የለየሁት ፍላሽም ሌላ ማሽን ላይ ሳይፈተሽ አይሰካም። ሰነዱን እዚያ ከፍቼ ዛሬ በየማሽኑ ወደሚነበበው ዩኒኮድ እቀይራለሁ፤ አንዳንድ ፊደል ተዛብቶ ስለሚወጣ በእጅ ማረም አለበት። ሒሳቡ በገጽ ነው።